የምረቃ ጫማዬና የዋርካው ስር ጫማ ሰፊ

ስለ ጫማ ልጽፍ ነው። ነርስ ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ድፍን ዓመት ሆነኝ። በዚህ ዓመት ሦስት ጫማ ቀያይሬ መጨረሻ ላይ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። የመለሰኝ ባህር ዳር፣ ቅዳሜ ገበያ ዳር፣ ዋርካ ስር የሚቀመጥ ጫማ ሰፊ ነው። የምመዝነው የእሱን ሥራ ነው፤ ስፌቱን፣ ዋጋውን፣ ቀጠሮውን። ግን ጀማሪ ነርስ እግሩ ላይ ምን እንደሚደርስበት ሳላወራ ስለ ጥገናው ባወራ አይገባችሁም። ስለዚህ ከሥር ልጀምር።

የመጀመሪያው ጫማ የምረቃ ጫማዬ ነው። ጥቁር ቆዳ፣ ባለ ማሰሪያ፣ ቁጥር 42፣ ሶሉ ድርቅ ያለ። አባቴ ነው የገዛልኝ። መራዊ ገበያ አንድ ሙክት ሸጦ፣ ብሩን በመሀረብ ቋጥሮ መጣና ሱቅ ለሱቅ አዞረኝ። እኔ ርካሹን ሳነሳ እሱ ያስቀምጠዋል። «ሰው ፊት ስትቆም እግርህ አያሳፍረኝ» አለ። ባለሱቁ ሶሉን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳና «አባት፣ ይኼ ዕድሜ ልክ ነው» አለው። ቋ፣ ቋ አለ። ድምፁ ሁለታችንንም ደስ አለን። ያን ጊዜ ጫማ መመረጥ ያለበት በጸጥታው ነው ብሎ የነገረን የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የጤና ተመራቂ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። የመውጫ ፈተና፣ ቀጥሎ የሙያ ፈቃድ የብቃት ምዘና፣ ቀጥሎ ውጤት ጥበቃ፣ ቀጥሎ ማስታወቂያ ጥበቃ። ጫማው ከነካርቶኑ አልጋ ስር ከረመ። እኔም አገር ቤት ከረምኩ። ጎረቤት ሲታመም «የተማረው ልጅ ይምጣ» እየተባልኩ፣ ያለ ፈቃድ ምንም ማድረግ እንደማልችል እያስረዳሁ። ጥር 2017 ስቀጠር ካርቶኑን ከፈትኩት። ሌላ ደህና ጫማ አልነበረኝም። የመጀመሪያ ደሞዜ እጄ የገባው ደግሞ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ሆስፒታሉን አልጠራውም። የመንግሥት ነው፣ ባህር ዳር ነው፣ ይበቃል።

የመጀመሪያ የሌሊት ተራዬ የወንዶች ሜዲካል ዋርድ ነበር። ሠላሳ ምናምን አልጋ፣ ሁለት ነርስ። አስታማሚዎች በአልጋዎቹ መሀል መሬት ላይ ጋቢ ተከናንበው ይተኛሉ። በመብራት ብትሄድ የተኛውን ትቀሰቅሳለህ፤ በጨለማ ብትሄድ የሰው እጅ ትረግጣለህ። እኔ የስልኬን ባትሪ ወደ ታች አብርቼ፣ በጥንቃቄ፣ እግሬን እያነሳሁ ሄድኩ። ቋ። ቋ። ቋ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ጣሪያው ረጅም ነው። ድምፁ ሄዶ ይመለሳል።

ሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከጥጉ አልጋ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን አሰሙ። ከዘጌ የመጡ ናቸው።

«ዶክተር፣ በቅሎህን ውጭ እሰርልንማ።»

ዋርዱ በሙሉ ሳቀ። የተኛ መስሎኝ የነበረው ሁሉ ለካ ነቅቶ ነበር። እኔ ደግሞ ምን ብዬ ልመልስ፣ ሞኝነቴ፣ «አያ፣ ዶክተር አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ» አልኩ።

«ይሁን ልጄ» አሉ። «በቅሎዋ ግን ያንተ ናት።»

ለአንድ ወር ያህል ስሜ ባለ በቅሎው ሆነ። ተራ ስንቀያየር፣ ርክክብ ላይ ሳይቀር።

ሰው የነርስ ሥራ መርፌ መውጋት ይመስለዋል። የመጀመሪያው ዓመት ግን በአብዛኛው እግር ነው። አንድ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ይባላል። የምንጠቀምበት የግሉኮስ ቱቦ 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን በወረቀት አስልቶ ማርክ ማግኘት ይቻላል። ዋርድ ላይ ሰዓትህን አይተህ ቆመህ ትቆጥራለህ። ሦስተኛው አልጋ ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ሰውዬ እጁን አጥፎ ጠብታው ቆሟል። ትመለሳለህ። ደም የሚሰጠው ሰው ካለ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች አጠገቡ መቆም ነው። ትኩሳት፣ ማሳከክ፣ ወገብ ሕመም ብቅ ካለ ያኔ ነው የሚታየው፤ ወዲያው ነው የሚዘጋው። ወንበር? ወንበር አለ። አስታማሚ ተቀምጦበታል። ተነሱ ብሎ ማስነሳት ደግሞ ይከብዳል፤ ሴትዮዋ ከደቅ ደሴት በጀልባ የመጡ ናቸው፣ ሦስት ቀን አልተኙም።

ጠዋት ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ ያባበጠ ድንች ይመስላል። ስለዚህ አንድ ምክር እግረ መንገዴን ልጣል። ጫማ የምትገዙ ከሆነ ወደ ማታ ሂዱ፣ በተለይ ከሥራ ስትወጡ። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ እስር ቤት ነው። አባቴና እኔ የገዛነው ጠዋት ነበር።

ደሞዝ እንደወጣ ሁለተኛውን ገዛሁ። ከሰልባጅ ነው፤ ነጭ ስኒከር፣ 900 ብር። ለስላሳ ነበር። ጆሮህን ምድር ላይ ብታስጠጋ እንኳ አይሰማም። ከበቅሎ ስም ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ነገር ግን አላሰብኩም።

አንደኛው ሶሉ ነው። ሰልባጅ ስትገዙ ሁሉም ሰው የሚያየው ላይኛውን ነው። እኔም ላይኛውን አይቼ፣ አሽትቼ፣ ገበሩን ዳብሼ ገዛሁ። ከሥር ያለው ጥርስ ከእኔ በፊት በነበረው ሰው እግር አልቆ ኖሯል። በጋውን አልታወቀኝም። ሐምሌ ላይ፣ የባህር ዳር ዝናብ ኮሪደር ድረስ ሲገባ፣ የአንድ በሽተኛ የደም ናሙና ይዤ ወደ ላቦራቶሪ ስሮጥ ተንሸራተትኩ። እኔ ምንም አልሆንኩም። ብልቃጡ ተሰበረ። የሰውዬው ደም ሥር ለማግኘት ሁለት ሰው ተጋግዘን ግማሽ ሰዓት ፈጅተን ነበር። ተመልሼ ሄድኩና የሆነውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሌላኛውን እጃቸውን ዘረጉልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሁለተኛው ያላሰብኩት ነገር ዝምታው ራሱ ነው። ይህን ማንም አያምነኝም፤ ግን እውነት ነው። ልባቸው የደከመ አንድ አባት ነበሩን። የልብ ድካም ሲጠና ሰው ጋደም ማለት አይችልም፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሦስት ትራስ ተደግፈው፣ ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያድራሉ። አንድ ሌሊት ግፊት ልለካ እጃቸውን ስነካ ዘለው ተነሱ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ አሥር ደቂቃ ፈጀ።

«ድመት ሆንክብኝ» አሉኝ። «የዚያች ሴት ልጅ ኮቴ ሲሰማ፣ እሺ እየመጣች ነው እላለሁ። እስክትደርስ እታገሣለሁ። አንተ ግን መቼ መጣህ፣ መቼ ሄድክ፣ አይታወቅም። የለህም ብዬ ስፈራ አድራለሁ።»

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። የተኛው በኮቴ ይነቃል። ያልተኛው በኮቴ ይጽናናል። የትኛው ጫማ ነው ለሁለቱም የሚሆነው? አራት ዓመት ስንማር ይህ ጥያቄ አልመጣም። ፈተና ላይም አልመጣም።

ሦስተኛው ጫማ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የገዛሁት በስንፍና ነው። ላስቲክ፣ ሰማያዊ፣ ላዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ 650 ብር። ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ይታጠባል፣ አየር ያስገባል፣ ቀላል ነው። ቀዳዳ አየር ብቻ አያስገባም እንጂ።

ጥቅምት የወባ ወር ነው። በጣና ዙሪያ ዝናቡ አቁሞ ውሃው እዚህም እዚያም ሲያቁር ትንኟ ትፈላለች፤ እኛ ጋ አልጋ ይጠፋል። ከባድ ወባ የያዘው ሰው አርቴሱኔት በደም ሥር ይሰጠዋል። እንደገባ አንድ፣ በ12ኛው ሰዓት አንድ፣ በ24ኛው አንድ። መድኃኒቱ ዱቄት ነው። ከበጠበጥከው በአንድ ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት፤ ሠርቼ ላስቀምጠው አይባልም። ስለዚህ ትበጠብጣለህ፣ ትሮጣለህ። ሌላ ትበጠብጣለህ፣ ትሮጣለህ። በዚህ መሀል ለአንድ ወጣት ካኑላ፣ በመርፌ ደም ሥር ውስጥ የምትገባዋን ቀጭን ቱቦ፣ ሳስገባ ብርዱ አንዘፈዘፈው። እጁን ነጠቀኝ። መርፌው ከጣቴ አመለጠ። ቁልቁል ወረደና በአንዷ ቀዳዳ ገብቶ የእግሬን ጣት ወጋኝ። ከዚያ ሁሉ ቀዳዳ መሀል መርጦ።

ትንሽ ናት። ጠብታ ደም እንኳ በደንብ አልወጣም። በሳሙናና በውሃ ታጠብኩ። ላለመጭመቅ ራሴን ያዝኩ፤ ሰው ደመ ነፍሱ ጨምቅ ጨምቅ ይለዋል፣ አይጠቅምም። ከዚያ ለተረኛው አሳወቅሁ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ ከተጀመረ 28 ቀን ይወሰዳል። ይህን ለሌሎች ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ! ለራሴ ሲሆን ቁጥሮቹ ከአፌ አልወጣ አሉ። ልጁ ይመርመር ተብሎ ተጠየቀ። እየተንቀጠቀጠ «እሺ» አለ፣ ጨምሮም «ይቅርታ ወንድሜ» አለኝ። እሱ ነው ይቅርታ የጠየቀው። ውጤቱ ነፃ ሆነ። የጉበት ክትባቴንም ጨርሼ ነበር። ሆኖም ያን ሌሊት እስኪነጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካኑላ ሁሉ ለጓደኛዬ አስተላለፍኩ። እሷ አንዴም አልጠየቀችኝም፤ ሠራችልኝ።

ወደ ጫማ ሰፊው የላከችኝ የጽዳት ሠራተኛችን ነች። እትዬ እንላታለን። ንጋት ላይ በረኪናዋን እየለካች፣ አንድ በረኪና በዘጠኝ ውሃ፣ ባልዲው ላይ ጎንበስ እንዳለች እግሬን አየችው።

«አንተ ልጅ፣ በወንፊት ነው እንዴ የምትሄደው?»

ነገርኳት። የበቅሎዋን ነገር ታውቃለች። የስኒከሩን መንሸራተት ታውቃለች፤ ብልቃጡን የጠረገችው እሷ ናት። ቀና አለችና «ያ የአባትህ ጫማ የታለ?» አለችኝ። ካርቶን ውስጥ ነው አልኳት። «ቆዳው ምን አጠፋ? ሶሉ ነው እንጂ ያጠፋው። ቅዳሜ ገበያ ዳር ዋርካው ስር ያለው ሰውዬ ዘንድ ውሰደው። የእኔን ስድስት ዓመት ይዞልኛል።» እግሯን አየሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በረኪና ውስጥ የቆመ ጫማ ነው። ሶሉ አልለቀቀም።

አሁን ወደ ሰውዬው።

ቦታው ምልክት የለውም። ማስታወቂያ የለም፣ ስልክ የለም። አንድ ዋርካ፣ አንድ የተቀደደ ጥላ፣ አንድ በእጅ የምትዞር የስፌት መኪና፣ አንድ ሳጥን፣ ለደንበኛ አንድ በርጩማ። ሁሉም ሰው «ጋሼ» ነው የሚለው። ሄጄ ጫማውን ስሰጠው መጀመሪያ ዋጋ አልተናገረም። ገልብጦ ሶሉን አየ። አውራ ጣቱን ተረከዙ ላይ አሽከረከረ።

«የት ነው የምትቆመው?»

«ሆስፒታል።»

«ስንት ሰዓት?»

«ሌሊት ከሆነ እስኪነጋ።»

«ወለሉ ምንድን ነው? ይታጠባል? በምን?»

«በበረኪና።»

«ወደ ግራ ታጎነብሳለህ» አለ። መጠየቁ አይደለም፤ ማየቱ ነው። የግራው ጫማ ጠርዝ ከቀኙ በልጦ ተበልቷል። አስቤው አላውቅም። አልጋ ላይ ያለ ሰው ላይ የማጎነብሰው ሁሌም በአንድ በኩል ነው ለካ። እኔ ለአንድ በሽተኛ ከዚህ ያነሰ ጥያቄ ጠይቄ ካርድ የሞላሁበት ቀን አለ። አያምርም፤ ግን አለ።

የምፈልገውን ነገርኩት። ድምፅ አልባ አድርገው አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ጭራሽ ድምፅ የሌለው ጫማ የሌባ ነው። ሰው ሊደነግጥብህ ነው።»

እኒያ ልባቸው የደከመው አባት መሰሉኝ። ይህ ሰው ዋርድ ገብቶ አያውቅም ይሆናል። ግን ያንኑ ነገር ተናገረ።

ያደረገው ይህ ነው። ደረቁን ሶል በቢላ ፈልቅቆ አወጣው። ከቆዳው ቀጥሎ ስፖንጅ አደረገ፣ ለእግር ምቾት። ከሥሩ ጥርስ ያለው ወፍራም ጎማ አደረገ፣ እንዳያንሸራትት። ስፖንጅ ብቻ ከሆነ በሦስት ወር ይሞታል፣ ጎማ ብቻ ከሆነ እግር ይገድላል ነው የሚለው። ማስቲሽ ቀባ፣ ደረቀ፣ ገጠመ። ብዙ ቦታ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። እሱ ከዚህ በኋላ ነው የጀመረው። ክሩን ሰም አሸው። በወስፌ እየወጋ ዙሪያውን በሙሉ በእጁ ሰፋው። ማስቲሽን በረኪና ሲያገኘው ውሎ አድሮ ይለቃል፣ ክር ግን ይይዛል አለኝ። ተረከዙ ላይ ደግሞ ከድሮው ሶል የጥፍር ታህል ቁራጭ መልሶ አስገባ። «ይህቺ ትናገርልሃለች» አለ።

ዋጋው 800 ብር ብሎ ጀመረ። 650 ላይ ተስማማን። ለንጽጽር ያህል፣ ጣቱ ዝግ የሆነ አዲስ የሥራ ጫማ ሱቅ ውስጥ 4,200 ተብያለሁ። እሱም ቁጥሬ አልነበረም።

አሁን ጉድለቱ። ሁሉን አመስግኜ ብሄድ ውሸታም እባላለሁ። አንደኛ ቀጠሮ የለውም። ሐሙስ ና አለኝ፤ ሐሙስ ጫማው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ዓርብ አለኝ። የተረከብኩት ሰኞ ነው። አራቱን ቀን በዚያው በወንፊቱ ጫማ፣ ቀዳዳውን በፕላስተር ለጥፌ ሠራሁ። ዋርዱ ሁሉ ሳቀብኝ፤ የዋርዱ ኃላፊ ግን አልሳቀችም፣ ይህን ጫማ ዳግም እንዳላይ አለችኝ፣ ልክ ነች። ሁለተኛ የማስቲሹ ሽታ ሳምንት ቆየ። አንድ በሽተኛ «ቀለም እየቀባችሁ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ሦስተኛ ክሩ ነጭ ነው፣ ጫማው ጥቁር። ጥቁር ክር አልቆብኝ ነው አለ፤ ሳምንት ቆይቼ ስሄድም አልቆበት ነበር። እኔ ለምጄዋለሁ። ቄንጠኛ ሰው አይወደውም። አራተኛ የቀኙ ጫማ ትንሽ ከፍ ብሎ ተረከዜን ላጠው። መልሼ ስወስደው ግን አልተከራከረም። እዚያው ላጭቶ አስተካከለ፣ ሳንቲም አልጠየቀም። እሑድና ወር በገባ በ23 በጊዮርጊስ አይቀመጥም። ክረምትም ዝናብ ሲጠና አይገኝም። ደረሰኝ የሚባል ነገር አትጠብቁ።

ጫማውን ካሠራሁት ሦስት ወር ሆነው። ሶሉ አንድም ቦታ አልለቀቀም። ጣቱ ዝግ ነው። እርጥብ ወለል ላይ ሆን ብዬ ሞክሬዋለሁ፤ እትዬ ባልዲዋን ይዛ እያየችኝ «አሁን ደግሞ ልትጨፍር ነው?» እስክትል። በረኪና ሲፈናጠቅበት ወዲያው በንጹሕ ውሃ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ጥላ ላይ አደርቃለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። ቆዳ በረኪና አይወድም፤ ጠርጎ ካልተቀባ ይሰነጣጠቃል።

ድምፁስ? ጠፍ፣ ጠፍ ይላል። ሲሚንቶው ላይ ማስታወሻ ደብተር ብትጥሉ እንደሚያሰማው ነው። መሬት የተኛ አስታማሚ አይነቃበትም። ያልተኛ ሰው ግን ይሰማዋል። ባለፈው ሌሊት መብራት ጠፍቶ በጨለማው ስገባ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ አንድ ሰው ዓይኑን ሳይገልጥ «መጣህ?» አለኝ። «መጣሁ» አልኩት። ያን ጊዜ ግን ወደ ሌላ አልጋ ነበር የምሄደው። ስለዚህ ወደ እሱ ዞርኩ። ውሃ ጠምቶት ኖሯል።

እኒያ ልባቸው የደከመው አባት ይህን ጫማ አላዩትም። ነሐሴ ላይ አርፈዋል። ተረኛ ነበርኩ። ያኔ የነበረኝ ያ ድመቱ ስኒከር ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍበትም።

ከሌሊት ተራ ስወጣ አንዳንዴ ወደ ቤት አልሄድም። ተከራይቼ የምኖረው ዓባይ ማዶ ነው። ባጃጅ ይዤ ድልድዩን ከመሻገሬ በፊት ወደ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ማለዳ ውሃው ብርጭቆ ነው። የደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። ጫማዬን አውልቄ፣ ካልሲዬን አውልቄ፣ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። እግሬን ግን ውሃው ውስጥ አልከትም። የጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለበት፤ ይህን እያወቀ እግሩን የሚነክር ነርስ ሌላው ምን ያድርግ? ከጎኔ ያሉት ልጆች ይዋኛሉ። እነግራቸዋለሁ። ይስቁብኛል። ቡና የምታፈላው ልጅ ብቻ «እሺ ዶክተር» ትለኛለች። ማስተካከሉን ትቻለሁ።

ለጥምቀት አባቴ መጣ። ጫማው በር ላይ ነበር። ከመቀመጡ በፊት አነሳውና ገለበጠው። ነጩን ክር በጥፍሩ ተከተለው፣ ዙሪያውን በሙሉ። እኔ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ሙክቱ ትዝ እያለኝ።

ልክ እንደ ባለሱቁ ጠረጴዛው ላይ አንኳኳው። ጠፍ አለ።

«ዕድሜ ልክ ነው ብሎን አልነበር?»

«ላይኛውን ይሆናል አባዬ።»

«ስንት አስከፈለህ?»

«650።»

አሰላ። «የዚያ ሙክት አንድ እግሩ ነው» አለ። ጫማውን ወደ ቦታው መለሰ። ትንሽ ቆየና የራሱን ጫማ አወለቀ። የግራው ሶል አፉን ከፍቷል። በጅማት ነገር አስሮት ነው ከመራዊ የመጣው። «ይኼንንም ውሰድለት። ክሩ ነጭም ቢሆን ግድ የለኝም።»

በማግሥቱ ወሰድኩለት። አባቴ በእኔ ስኒከር ነው ወደ አገር ቤት የተመለሰው፤ ቁጥራችን አንድ ነው፣ ወቅቱም በጋ ነው፣ አያንሸራትትም። ጫማው አሁን ዋርካው ስር፣ ሳጥኑ ላይ፣ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተቀምጧል። ሐሙስ ና ብሎኛል። ሰኞ እሄዳለሁ።